ስለ ፎርት ላዮን ለምትወስኑ፦ «ኑ» ብላችሁ ስለጠራችሁት ሰው

ለኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ
ለግዛቱ የአካባቢ ጉዳዮች መምሪያ
ግልባጭ፦ ለቤንት ካውንቲ አስተዳደር፣ በዴንቨርና በኦሮራ ለምንኖር ወገኖች ሁሉ

ክቡራን ሆይ፣

በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ከላስ አኒማስ ከተማ አጠገብ፣ በአርካንሳስ ወንዝ ዳር ያለው ፎርት ላዮን በእናንተ የበጀት ሰነድ ላይ አንድ መስመር ነው። መቶ ገደማ አሮጌ ሕንፃዎች አሉት፤ ማሞቂያው፣ ውኃው፣ ጣሪያው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። በሒሳቡ ላይ መከራከር ሥራችሁ ነውና አልቃወምም። የምለምናችሁ ከሒሳቡ በፊት ሌላ መዝገብ እንድትገልጡ ነው። ፎርት ላዮን መንግሥት በተለያየ ዘመን የተለያዩ ሰዎችን «ወደዚህ ኑ፣ እዚህ ትጠበቃላችሁ» ብሎ የጠራበት ስም ነው። የተጠሩት መጡ። ከመጡ በኋላ የገጠማቸው ግን ለየቅል ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። በኦሮራ የምኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነርስ ነኝ። የምሠራው ከድሮው የፊትዝሲሞንስ የጦር ሆስፒታል ግቢ ብዙ ሳይርቅ ነው። ያ ግቢ በ1918 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሳንባ ነቀርሳና በመርዝ ጋዝ ለተጎዱ ወታደሮች ተከፈተ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆኗል፣ ከ2018 ጀምሮም የቀድሞ ወታደሮች ትልቁ ሆስፒታል እዚያው ቆሟል። የሀገሬ ልጆች በዚያ ሰፈር በነርስነት፣ በላቦራቶሪ፣ በጽዳት፣ በሽተኛ በማመላለስ ሌሊቱን ያነጋሉ። ልጆቻቸውን ለአሜሪካ ጦር የሰጡም አሉ። ስለዚህ አንድ ወታደር ሲያረጅ ወይም ሲታመም የት ይወድቃል የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በፖስታ ደርሷችኋል ብዬ አምናለሁ፤ ይህኛው ለወገኖቼ ጭምር ነው፣ ግብር የምንከፍለውና ድምፅ የምንሰጠው እኛም ነንና።

ምሽጉ በ1860 ሲቆም ስሙ ፎርት ዋይዝ ነበር፤ በቨርጂኒያው ገዢ በሄንሪ ዋይዝ ስም። የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሰውየው ከደቡቦቹ ጋር ወገነና ስሙ ተፋቀ። በምትኩ በ1861 ሚዙሪ ውስጥ በዊልሰንስ ክሪክ ውጊያ የወደቀው የጄኔራል ናትናኤል ላዮን ስም ገባ። መንግሥት ሲቀየር ስም ሲፋቅ ላደግን ለእኛ ይህ ብዙ አይደንቅም።

የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጁን 1864 የኮሎራዶ ገዢ ጆን ኤቫንስ አዋጅ አስነገረ። ሰላም የሚፈልጉ በአርካንሳስ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሻየንና አራፓሆ የተባሉ የአሜሪካ ነባር ሕንዶች ወደ ፎርት ላዮን ይሂዱ፤ ቀለብ ይሰፈርላቸዋል፣ ያለ ሥጋት የሚቀመጡበት ቦታም ይመራላቸዋል አለ። በኦገስት ደግሞ ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ይኸኛው ጠላት የተባሉትን ሕንዶች ዜጋው ሁሉ እያደነ እንዲገድል የሚፈቅድ ነበር። ሁለቱ አዋጆች አንድ እጅ የጻፋቸው ናቸው። ወዳጁን ከጠላቱ ማን እንደሚለይ ግን አንዳቸውም በቅጡ አልነገሩም።

የሻየኑ አለቃ ብላክ ኬትል የመጀመሪያውን አዋጅ አመነ። የፎርት ላዮን አዛዥ የነበረው ሻለቃ ኤድዋርድ ዊንኩፕ አለቆቹን ይዞ በሴፕቴምበር ዴንቨር ድረስ ወጣ፤ በካምፕ ዌልድ ከገዢውና ከኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ጋር ተነጋገሩ። ወደ ምሽጉ ሲመለሱ ዊንኩፕ ቀለብ አደላቸው። ይህ ልግስናው አልተወደደለትም። በኖቬምበር ከቦታው ተነሣ፣ ሻለቃ ስኮት አንተኒም ተተካ። አንተኒ ሕዝቡን ከምሽጉ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳንድ ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር እንዲሰፍር ነገረው።

ቺቪንግተን ጦሩን እየመራ ኖቬምበር 28 ፎርት ላዮን ደረሰ። መጀመሪያ ያደረገው በምሽጉ ዙሪያ ዘብ ማቆም ነበር፤ ወሬ ይዞ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር። እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ። ለመሸሸጊያነት በአዋጅ የተነገረለት ግቢ በዚያን ምሽት ማስጠንቀቂያ እንዳያመልጥበት ተዘጋ። ማታ ጉዞ ተጀመረ፣ ወደ 675 ፈረሰኞች። ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ላይ ደረሱ። በሰፈሩ 750 ያህል ሰው ነበር። ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ ከድንኳኑ በላይ ሰቀለ፣ ነጭ ጨርቅም ጨመረበት። ባንዲራው ያድናል ተብሎ ተነግሮት ነበርና። ከ230 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ወታደሮቹ የሟቾቹን የራስ ቆዳ ከነፀጉሩ ገፈው ዴንቨር ላይ ለሕዝብ አሳዩበት።

ከፎርት ላዮን ወታደሮች መካከል ግን ያልተኮሱ ነበሩ። ሻምበል ሳይላስ ሶውል በዋዜማው ምሽት እዚያው ምሽጉ ውስጥ ለባልደረቦቹ ነገሩ ነውር መሆኑን ተናገረ። በማግስቱ እሱም ሆነ መቶ አለቃ ጆሴፍ ክሬመር ጭፍሮቻቸውን አናስተኩስም አሉ። ከዚያ ሁለቱም ያዩትን ሳይሸፋፍኑ ለዊንኩፕ ጻፉ። ምርመራ ሲከፈት ሶውል ቀርቦ መሰከረ። በኤፕሪል 23 ቀን 1865 ዴንቨር ከተማ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ሙሽራ ነበር፣ ከተጋባ ወር አልሞላውም። ገዳዩም ቺቪንግተንም ፍርድ ሳያገኙ ቀሩ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወገኖቼ፣ መሀል ዴንቨር 15ኛው ጎዳናና አራፓሆ ጎዳና በሚገናኙበት ሰው ስታወርዱ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሰሌዳ እዩዋት፤ ስለ እሱ ናት። በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ የሻየንና የአራፓሆ ወጣቶች ከሳንድ ክሪክ ተነሥተው እስከ ዴንቨር ይሮጣሉ፤ መቃብሩም ላይ ቆመው ያስቡታል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በ1867 ወንዙ ሞልቶ ምሽጉን ስላጥለቀለቀው ሠራዊቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ተጉዞ ዛሬ ያለበት ቦታ ላይ አዲስ ምሽግ ሠራ። ስለዚህ «የሳንድ ክሪክ ነገር የድሮው ግቢ ታሪክ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ክርክር ይቀርባል። እኔ ይህን አልቀበልም። ጦሩ ስሙን፣ ባንዲራውንና መዝገቡን ይዞ ነው የሄደው። ስሙን ያሻገረ ሰው ዕዳውንም አብሮ አሻግሯል።

አዲሱ ግቢ ውስጥ የሚታወቀው ስም የኪት ካርሰን ነው። መንገድ መሪ፣ አዳኝ፣ ኋላም የጦር መኮንን የነበረው ካርሰን ሚስቱ ከወሊድ በኋላ በሞተች በወሩ፣ በሜይ 23 ቀን 1868፣ በምሽጉ ሐኪም ቤት አረፈ። በዚያ ቤት ድንጋዮች የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት ዛሬም በስሙ ትጠራለች። በአንድ ወገን የምዕራቡ ጀግና፣ በሌላ ወገን በ1864 የናቫሆዎችን እህልና የፍራፍሬ ዛፍ አቃጥሎ ሕዝቡን ለስደት የዳረገ ሰው ነው። ጸሎት ቤቷ ትቁም፣ አይከፋኝም። እሱ ለአንድ ሞት ጸሎት ቤት ሲያገኝ የፎርት ላዮኑ ሻምበል ሶውል በሌላ ከተማ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ብቻ ማግኘቱ ነው የሚከነክነኝ።

ሠራዊቱ በ1897 ለቀቀ። ሁለተኛው ጥሪ በ1906 መጣ፤ የጠራውም የባሕር ኃይል ነው። ከየትኛውም ባሕር ሩቅ በሆነ ሜዳ ላይ የባሕር ኃይል ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። መርከብ ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ ይተኛል፣ አየሩ አይንሸራሸርም፣ አንዱ ያሳለው ለሌላው ይተርፋል። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው መርከበኛ ወደ ደረቅ አየር፣ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ከፍታ ይላክ ተባለና ፎርት ላዮን ተመረጠ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህ ይገባዋል፤ እኛም ለዚሁ በሽታ ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነበር የምንሄደው።

በነርስ ዓይን ሳየው ስለዚያ ዘመን ከሁሉ የሚመስጠኝ በረንዳው ነው። በሳናቶሪየም በረንዳ ማለት የመኝታ ክፍል ነው፤ አንድ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ አልጋ በተርታ የሚደረደርበት። ሕመምተኛው በክረምትም ቢሆን ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ቆብ አጥልቆ ውጭ ይተኛል። ከጎኑ አክታ የሚተፋባት ክዳን ያላት ዕቃ አለች፤ በኋላ ትቃጠላለች። እንቁላልና ወተት ይበዛለታል። ሙቀቱ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ እንደገና ይለካል። መነሣት የሚፈቀድለት በሰዓት ነው፣ መራመድ በደቂቃ። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሽታውን የሚገድል መድኃኒት አልነበረም። ያለው እረፍት፣ ምግብ፣ አየርና አስታማሚ ብቻ ነው። ዛሬ በማሽን ተከበን ስንሠራ የምንረሳው ሙያ ያ ነበር። ብዙዎች ዳኑ፣ ብዙዎች እዚያው ቀሩ። ከ1907 ጀምሮ የተቀበሩበት መካነ መቃብር ዛሬ ብሔራዊ ነው። ነጫጭ ድንጋዮቹ በመስመር ቆመዋል፤ አንዳንዱ ላይ የባሕር ኃይል ማዕረግ ተቀርጿል፣ ዙሪያው ደግሞ ሣርና ሜዳ ብቻ ነው።

በ1922 ግቢው ወደ ቀድሞ ወታደሮች ቢሮ ተላለፈ። በ1930ዎቹ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሆስፒታል ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ካናወጣቸው ጀምሮ ከሁለተኛው፣ ከኮሪያና ከቬትናም የተመለሱ፣ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮች እዚህ ገቡ። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የገባ ዘመድ የነበረው ሰው ይህን ዓይነቱን ርቀት ያውቀዋል። ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት ይመጣል፣ ቀጥሎ ለበዓል፣ ቀጥሎ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ዝም። ክሎርፕሮማዚን አሜሪካ የገባው በ1954 ነው፤ ከዚያ በፊት ለጠና ሕመምተኛ የሚደረገው በአብዛኛው ማቆየት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን የላስ አኒማስ ሰዎች ሕመምተኞቹን አጥበዋል፣ አብልተዋል፣ ሲሞቱም ቀብረዋል። ትንሿ ከተማ በሆስፒታሉ ደመወዝ ቆማ ኖረች፤ ሆስፒታሉም በከተማዋ ሰው ትዕግሥት።

በ2001 ፌዴራል መንግሥቱ ሆስፒታሉን ዘጋ። ሕንፃው አረጀ፣ ወጪው ከበደ፣ ቦታው ራቀ፣ ሕክምናውም ተለወጠ፤ ምክንያቶቹ ከንቱ አይደሉም። መካነ መቃብሩ ግን በፌዴራሉ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት እጅ ቀረ። የሞተው ወታደር ጠባቂ አለው፣ በሕይወት ያለው ሌላ ቦታ ይፈለግለት ተባለ። ቀጥሎ ግዛታችሁ ግቢውን ተረክቦ እስር ቤት አደረገው። አረጋውያንና ሕሙማን እስረኞች የሚያዙበት ስለነበር የሆስፒታል ጠረኑ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። በ2011 እሱም በበጀት ምክንያት እንዲዘጋ ተወሰነ፣ ቤንት ካውንቲም ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ ግቢ ታቀፈ።

ያሁኑ ጥሪ የእናንተ ነው። በ2013፣ በገዢ ጆን ሂከንሉፐር ዘመን፣ ፎርት ላዮን ጎዳና ላይ ለሚያድሩና በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ለተጎዱ ሰዎች ማገገሚያ ሆኖ ተከፈተ። ሥራውን የኮሎራዶ ቤት የለሾች ጥምረት ከካውንቲው ጋር ያዘ። ለ250 ሰው ያህል ቦታ አለው፤ የቀድሞ ወታደሮች ልዩ ትኩረት ተሰጣቸው። የሚመጣው በፈቃዱ ነው፣ በሩ አይቆለፍበትም፣ እስከ ሁለት ዓመት መቆየትና መማር ይችላል።

ይኸው ገዢ በማግስቱ ዓመት፣ በሳንድ ክሪክ 150ኛ መታሰቢያ ላይ፣ በኮሎራዶ ስም ይቅርታ ጠየቀ። በ2021 ገዢ ጃሬድ ፖሊስ የኤቫንስን ሁለት አዋጆች በይፋ ሻረ። በ2023 ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ስናይ የምናየው የኤቫንስ ተራራ ስሙ ተለውጦ ብሉ ስካይ ተባለ። መልካም ነው። ግን ተራራ ወጪ የለውም። የቃላችሁ ክብደት የሚታወቀው በየዓመቱ ገንዘብ የሚጠይቀው ግቢ ላይ ነው።

ይህን ማገገሚያ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ከዴንቨር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወስዶ ማስቀመጥ ድሃን ከዓይን ማራቅ ነው ይላሉ። ነቀፌታው ባዶ አይደለም፤ ከተሞቻችን ድንኳን ማፍረስ ይቀናቸዋል፣ «ፎርት ላዮን አለ» ማለትም ጥሩ ማምለጫ ይሆናል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ከሻጩና ከድሮ ጓደኛ መራቅ ለሚያገግም ሰው እስትንፋስ ነው ይላሉ። በሥራዬ ካየሁት ተነሥቼ ወደ እነዚህኞቹ አደላለሁ፤ ሱስ ሰፈር አለው፣ ሰፈሩ ውስጥ ሆኖ መላቀቅ ለጥቂቶች ነው። ነገር ግን ርቀቱ መድኃኒት የሚሆነው ሰውየው ወዶ ከመጣና ሲጨርስ የሚገባበት ቤት ካለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ከ1864ቱ ሰፈራ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ይበዛል። ያኔም ሰዎቹን «እዚያ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ» ያላቸው ባለሥልጣን ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ግቢውን ለመዝጋት ወይም ለሌላ ወገን ለማስተላለፍ የምትወስኑበት ቀን ቢመጣ፣ በዚያ የሚኖር ማንም ሰው የሚሄድበት ቤት ቁልፍ እጁ ሳይገባ እንዳይወጣ በሕግ አስሩት። «ሌላ መጠለያ ይፈለግላቸዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይበቃም፤ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አዋጅ ላይ ሲጻፍ ያምራል፣ የኤቫንስም ያምር ነበር።

የታሪክ ገለጻ በግቢው ሲሠራ ከ1867 አይጀምር። ከአዋጁና ከዘቡ ይጀምር። ጽሑፉን በኦክላሆማ ያሉት የሻየንና አራፓሆ ሕዝቦች፣ የሞንታናዎቹ ሰሜን ሻየኖች፣ የዋዮሚንጎቹ ሰሜን አራፓሆዎች አይተውት፣ አርመውት ይለጠፍ። ዘሮቻቸው በሕይወት አሉ፣ ስልክም ያነሳሉ። የሶውልና የክሬመር ደብዳቤዎች ከዓመታት በኋላ በ2000 ብቅ ብለው ሳንድ ክሪክ ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ እንዲሆን አግዘዋል፤ ቅጂያቸው ከካርሰን ጸሎት ቤት አጠገብ ቢቀመጥ የሚከብድ ወጪ አይደለም።

ከፈራረሱት ሕንፃዎች መካከል ሊተርፉ የማይችሉ ይኖራሉ፣ ይፍረሱ። አንድ በረንዳ ግን አስተርፉ። ሆስፒታሉ ከመዘጋቱ በፊት ያገለገሉ ነርሶች፣ ወጥ ቤቶችና አስታማሚዎች በላስ አኒማስና በአካባቢው በእርጅና ላይ ናቸው፤ የሚያውቁትን የሚቀዳ ሰው ዛሬ ካልተላከ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም። ለዚህ ሥራ የኮሌጅ ተማሪዎች ይበቃሉ። የእኛም ልጆች አሉ፤ እኔ ራሴ ላስተባብር ፈቃደኛ ነኝ።

ወገኖቼ ደግሞ፣ ሃቫና መንገድ ቡና ላይ ቁጭ ስንል ስለ ጎዳና ሰው የምንለው ብዙ ጊዜ «ለምን አይሠሩም» ነው። ከእነሱ ውስጥ ወታደር የነበረ ስንት እንዳለ ጠይቀን አናውቅም። የሀገራችን ጦር በተበተነ ማግስት በ1991 አዲስ አበባ መንገድ ላይ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ እጁን የዘረጋውን ወታደር ያየ ትውልድ ይህን ባይጠይቅ ያስገርማል።

ስለ ፎርት ላዮን የሕዝብ አስተያየት በሚሰማበት ቀን ስሜን አስመዘግባለሁ። በዚያ ቀን ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩም ዕድል ስጧቸው። ላስ አኒማስ ከዴንቨር ከሦስት ሰዓት በላይ መንገድ ነው፤ መኪና የሌለው ሰው አዳራሻችሁ ሊደርስ አይችልምና በቪዲዮ መስመር ይከፈትላቸው፣ ሰዓቱም ከሁለት ሳምንት በፊት ግቢው ውስጥ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኦሮራ ነዋሪ ነርስ